የፋ ኬይታ ጥያቄ፦ ያለ ጥላቻ መታገል

ማማዱ ኬይታ፣ በአክብሮት ፋ ኬይታ የሚባለው፣ ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን በ1960 እ.ኤ.አ. «የእግዜር እንጨቶች» በሚለው ልብ ወለዱ የቀረጸው የባማኮ ሽማግሌ የባቡር ሠራተኛ ነው። መጽሐፉ መነሻ ያደረገው በ1947 እና 1948 እ.ኤ.አ. በዳካር–ኒጀር ሐዲድ ላይ የተካሄደውን እውነተኛ አድማ ነው። አፍሪካውያኑ ሠራተኞች ከፈረንሳውያኑ እኩል እንዲታዩ ጠይቀው ከአምስት ወራት በላይ ሥራ አቁመዋል።

የአድማው መሪ ባካዮኮ ነው። ሽማግሌው ሥልጣን የለውም፤ ሲናገር ግን ይደመጣል። አድማ የሰበረው ዲያራ በባልደረቦቹ ፊት ሲዳኝ፣ ኬይታ በአደባባይ መዋረዱ ከዱላ በላይ ቅጣት ነው ብሎ ይከራከራል። ኋላ ሽማግሌው ራሱ ይታሰራል፤ ሶላት ሲሰግድ የእስር ቤቱ አዛዥ በእርግጫ ይመታዋል፤ ተነሥቶ እንደገና ይሰግዳል። ከእስር ሲወጣ በቀል ለሚያስቡት ወጣቶች የሚመክረው፣ አንዱ በዳይ ቢገደል ሌላ እንደሚተካ፣ ጥላቻም በልባቸው እንዳያድር ነው።

ይህ ለመገዛት የሚያመች ትዕግሥት አይደለም፤ ኬይታ ከአድማው ጎን ቆሟል። የሚጠይቀው ከባድ ነገር ነው፤ ልጆቻቸው የተራቡባቸው፣ ወገኖቻቸው በጥይት የወደቁባቸው ሰዎች ፍትሕን ሲሹ ልባቸውን ከጥላቻ እንዲጠብቁ። ምክሩ ክብደት የሚያገኘውም ከተመታ ሰው አፍ ስለሚወጣ ነው። ማርክሳዊው ሴምቤን ይህን ቃል ለአንድ ጸሎተኛ ሙስሊም መስጠቱ ልብ ሊባል ይገባል፤ በዚያው መጽሐፍ የዳካሩ የሃይማኖት መሪ ሠራተኞቹ እንዲገዙ ይሰብካልና።