ከማን ተማርከው?

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ለንግሥ ጣራ ገዳም የመጣችሁትን አየኋችሁ። ማኅሌቱ ሲቆም ስልክ ወጣ። መቋሚያውና ጸናጽሉ ገጥመው ሲወርዱ ቀረጻችሁ፤ ወረቡ ሳያልቅ ግን ብዙዎቻችሁ ጥላ ፍለጋ ሄዳችሁ። የቀረጻችሁትን ለጓደኛ ስትልኩ መሪጌታው ማን እንደሆኑ፣ ቀኑ የማን በዓል እንደሆነ፣ አቋቋሙ የላይ ቤት ይሁን የታች ቤት አንድ መስመር አልጻፋችሁበትም። ይህ አስቆጥቶኛል።

ቆይታችሁ ደግሞ «ስለ ቅዱስ ያሬድና ስለ ዜማው የሚነበብ ደህና መጽሐፍ ጠፋ» ትሉኛላችሁ። መጽሐፉ አልጠፋም፤ መምረጥ ነው የጠፋው። በአገራችን የዜማ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከማን ተማርከው?» ተብሎ ነው። መጽሐፍም እንዲሁ ይጠየቅ። በደጀ ሰላሙ ዙሪያ ከተዘረጋው ከመግዛታችሁ በፊት መቅድሙን ግለጡ፤ ጸሐፊው የማን ደቀ መዝሙር ነው? በየትኛው ጉባኤ ቤት ዋለ? ያሬድ ያያትን፣ ዛፍ ላይ የወጣችውን ትል ታሪክ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱን ብቻ አሥር ገጽ የሚያወራ አለ። በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ለያሬድ ድጓ የዜማ ምልክት የሠሩትን አዝማች ጌራንና አዝማች ራጉኤልን የማያነሣ የዜማ መጽሐፍ ካገኛችሁ ለሻጩ መልሱለት።

እኔ ድጓ ስቀጽል የኔታ መጽሐፍ አይዙም ነበር። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከፊደሉ በላይ የተጻፈችው ደቃቅ ምልክት ይዘት ሆና ሳለ ተማሪው ደረት ካደረጋት «ተመለስ» ይላሉ፤ ሌላ ቃል የላቸውም። ማታ በእንተ ስማ ለማርያም ብለን ያመጣነውን ቁራሽ እየተካፈልን ሳለን መምህራቸውን፣ የመምህራቸውንም መምህር በስም ያነሡልናል። አግኝተናቸው የማናውቃቸውን አባቶች እንናፍቅ ነበር። ነፍሳቸውን ይማር።

እናንተ ያን ሁሉ ስም በአንድ ጣት ትሰርዛላችሁ! ስም የሌለው ቅጂ ነገ ቢሳሳት ማን ያርመዋል? ላይ ቤቱን ከታች ቤቱ የቀላቀለውን ሰምቶ የሚያድግ ልጅ ማንን ይጠይቃል? ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ኬይ ካፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ የተባሉ የውጭ ምሁራን እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ባሳተሙት የዜማችን መድበል ጽሑፉን፣ ምልክቱንና ድምፁን አዛምደው አቅርበዋል። እንግሊዝኛ የምታነቡ ፈልጉት። በአማርኛ የሊቀ ሥልጣናት ሀብተ ማርያም ወርቅነህን «ጥንታዊ የኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት» አንብቡ። የቆሎ ተማሪን ኑሮ ለማወቅ መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው አንደበት የጻፉት «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» አለ። የእነ ቤትሆቨንን ሕይወት የምትሹም አልከለክላችሁም፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ የእኛንም የምዕራቡንም ሙዚቃ ያወቀ ሰው ነበር።

ነገር ግን መጽሐፍ ብቻውን ዜማ አያስተምርም። ድጓ የሚመሰከርበት ቤተልሔም ጋይንት ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አባም እዚሁ ደቡብ ጎንደር ነው። ከሩቅ አገር ልጆች ደበሎ ለብሰው በእግር የመጡበትን ስፍራ እናንተ በመኪና ደርሳችሁ አላያችሁትም። እባካችሁ ሂዱ። እጅ ነሥታችሁ ከጉባኤው ዳር ቁጭ በሉ፤ የኔታ ሲያሳርፉም የትኛውን መጽሐፍ እንደምታነቡ እሳቸውን ጠይቁ።