መርዶ ያልሆነ ወሬ

ልባችን ቫልቭ የሚባሉ አራት በሮች አሉት። ጤነኛ በር ደሙን ወደፊት አሳልፎ ግጥም ይላል። ሲጠብ ወይም አልገጥም ሲል ግን ደሙ እየተናጠ፣ አንዳንዴም ወደኋላ እየሾለከ ስለሚያልፍ ከልብ ምት ጋር ሌላ ድምፅ ይሰማል። ሐኪሞች «መርመር» ይሉታል፤ እኔ ሹክሹክታ ብለው እመርጣለሁ። ሹክሹክታ ሁሉ በሽታ አይደለም፤ ከብዙ ጤነኛ ሕፃናትም ይሰማል። በአገራችን ልጆች ላይ የሚያሳስበው፣ የጉሮሮ ሕመም ካለፈ በኋላ የሚከተለው ሩማቲክ የልብ በሽታ ነው።

በማውቀው ቤተሰብ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ይኸው ተገኘባት። ሐኪሙ አባቷን ለብቻቸው ጠርቶ ነገራቸው። አባት ለአጎት፣ አጎት ለአክስት አወሩ። ልጅቷ ግን «ትንሽ የደም ማነስ ነው» ተባለች። በየአራት ሳምንቱ የምትወጋው ያ የሚያም ፔኒሲሊንም «ቪታሚን» ተባለ። ቢነገራት አይሻልም ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ አባትየው «ትልቅ ስትሆን» አሉኝ።

ክፋት አይደለም። እኛ ክፉ ወሬ የሚነገርበት ወግ ያለን ሰዎች ነን። መርዶ በድንገት አይወረወርም፤ ዘመድ ተጠራርቶ፣ ሐዘንተኛው ሌሊቱን ተኝቶ፣ ማለዳ ነው የሚነገረው። ሰው ከሐዘኑ ጋር ብቻውን እንዳይፋጠጥ የታሰበ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ኋላ ቀርነት ነው የሚለኝ ሰው ያናድደኛል።

ነገር ግን መርዶ የሚነግረን ያለቀ ነገር ነው። ሟቹ ሞቷል፤ አንድ ሌሊት ቢዘገይ የሚጎዳ የለም። ሹክሹክታው ገና አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የታተመ የኡጋንዳ ጥናት በሽታው የጀመራቸውን፣ ምልክት ግን ያላሳዩ ልጆችን ለሁለት ዓመት ተከታትሏል። መርፌውን ካልወሰዱት ከመቶ ስምንት ያህሉ ተባብሶባቸዋል፤ ከወሰዱት ግን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። መርፌው ደግሞ ለብዙ ዓመታት የሚቀጥል ነው። ቪታሚን ነው የተባለች ልጅ ደህና ነኝ ባለች ቀን ብታቆመው ምን ይገርማል?

ቤተሰቡ አፍ አውጥቶ የማይናገረው ሌላም አለ፤ ጋብቻ። «የልብ በሽተኛ ናት» ከተባለ ማን ያገባታል? ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። ይሁንና በእርግዝና ጊዜ የሰውነት ደም ወደ ግማሽ ገደማ ይጨምራል፤ በሩ የጠበበ ልብ ይህን መሸከም ሊያቅተው ይችላል። ለትዳሯ ሲባል የተደበቀው ነገር በመጀመሪያ ልጇ እርግዝና ሊገለጥ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አባትየው አጠገቧ ላይኖሩ ይችላሉ።

ልብ ማዳመጫው ራሱ ከይሉኝታ የተወለደ መሆኑ ይገርመኛል። ፈረንሳዊው ሐኪም ላኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 በአንዲት ወጣት ሴት ደረት ላይ ጆሮውን መለጠፍ ነውር ሆኖበት፣ ወረቀት ጠቅልሎ አዳመጠ። አፍሮ አልተወም፤ ዘዴ ፈለገ። እኛም ዘዴው አለን። ዘመድ ይጠራ፣ ማለዳ ይሁን፣ ቡናም ይፈላ፤ እርሷ ግን መሀል ትቀመጥ። ሐኪሙም በቀጠሮዋ ቀን ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጎ የገዛ ልቧን ያሰማት። ትደነግጥ ይሆናል፤ ታለቅስም ይሆናል። ዘመዱ የተጠራው ለዚያው አይደል?