«ኃላፊ» ማለት ምን ማለት ነው?

በደብረ ታቦር ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ ሠራተኞችን የሚያዘው ሰው «ካቦ» ይባላል። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን «ራስ» ማለት ነው። በወታደር ቤት «የመቶ አለቃ»፣ «ሻለቃ» ሲባል ማዕረጉ የታዛዦቹን ቁጥር ይናገራል። በመሥሪያ ቤት ግን «ኃላፊ» እንላለን።

ይህ ቃል ሁለት ፍቺ እንዳለው ልብ ብለሃልን? ኃላፊ አደራ የተሸከመ ሰው ነው፤ ኃላፊ የሚያልፍም ነው። ዐረብኛው ደግሞ ኃላፊን «መስኡል» ይለዋል፤ «የሚጠየቅ» ማለት ነው። የሁለቱን ቋንቋዎች ፍቺ ስናገናኝ ሹመቱ ያልፋል፤ ጥያቄው ግን ይቀራል።

እንግዲህ የቀን ሠራተኛውን የላቡን ዋጋ «ነገ ና» እያልክ የምታመላልስ ካቦ፣ ከጋይንት ወይም ከእስቴ ጉዳይ ይዞ የመጣን ገበሬ ደጅ የምታስጠና ኃላፊ፣ የስምህን ትርጉም አስብ!

ማዕረግ የለኝም የሚልም አያመልጥም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ባል ስለ ቤተሰቡ፣ ሚስትም ስለ ቤቷ እንደሚጠየቁ አስተምረውናል። ስለዚህ በእጃችን የቀረ የሰው ሐቅ ካለ፣ የልጆቻችንም ቢሆን፣ «ነገ» ሳንል ዛሬውኑ እንመልስ። አላህ ይርዳን።