ሳይነኩት የሚረጭ ሽቶና የሰንበት ሥራ

ሰው ሲገባ፣ በር ሲከፈት ወይም መብራት ሲበራ በራሱ ሽቶ የሚረጭ መሣሪያ ዛሬ በብዙ ቤቶችና ሆቴሎች፣ በተለይም በመጸዳጃ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ይታያል። አሠራሩ ቀላል ነው። በፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ በግፊት የታመቀ ሽቶ የያዘ ቆርቆሮ፣ በባትሪ የሚዞር ትንሽ ሞተርና ሞተሩን የሚያስነሣ ሴንሰር አለ። ሴንሰሩ የሚንቀሳቀስ ሰው የገላ ሙቀት ወይም የክፍሉ ብርሃን መለወጥ ሲደርሰው ሞተሩ ይዞርና የቆርቆሮውን አፍ ይጫናል፤ ሽቶውም ይረጫል። ሌላው ዓይነት ሴንሰር የለውም፤ በክፍሉ ሰው ኖረም አልኖረም በተወሰነለት ደቂቃ ይረጫል። በሥራ ቀን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሽቶና ባትሪ ከመቆጠብ አያልፍም። በአይሁድ ሃይማኖት ሕግ ግን፣ ቀኑ ሰንበት ከሆነ፣ ይህ ልዩነት ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። ሰውየው በር ከፈተ እንጂ ሽቶ አልረጨም፤ ታዲያ የረጨው ማን ነው?

ጥያቄው የሚነሣው የሰንበት ሕግ የሚከለክለው ሥራን እንጂ ድካምን ስላልሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ የተጠናቀረው የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ፣ ሚሽና፣ በሰንበት የተከለከሉትን ዋና ዋና ሥራዎች 39 አድርጎ ይዘረዝራል። ማረስ፣ መዝራት፣ ማጨድ፣ ማቅለም፣ መጻፍ፣ መገንባት፣ እሳት ማንደድና ማጥፋት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ሊቃውንቱ ዝርዝሩን ከመገናኛው ድንኳን አሠራር ጋር ያያይዙታል፤ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35 የሰንበት ትእዛዝና የድንኳኑ ሥራ ተከታትለው ተጽፈዋልና። ድንኳኑ በጥበብና በዕቅድ የተሠራ ስለሆነ፣ በሰንበት የተከለከለውም ታስቦ የሚሠራ ሥራ ነው ተባለ። ከባድ ጠረጴዛ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ማዛወር የቱንም ያህል ቢያደክም ከ39ኙ አይቆጠርም፤ ክብሪት መጫር ግን ይቆጠራል። እንግዲህ ሐሳብ የሥራው አካል ከሆነ፣ ሰው ሌላ ነገር ሲሠራ ሳያስበው የሚከተለው ውጤት በምን ይመዘናል የሚለው ወሳኝ ይሆናል።

በቅድሚያ ግን ሽቶ በሚረጨው መሣሪያ ውስጥ የተከለከለው ነገር ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው መዓዛው ራሱ ነው። ሚሽናን የሚያብራራው የባቢሎን ታልሙድ ቤጻ በሚባለው ክፍሉ ሽቶ የያዘን ጽዋ በሐር ልብስ ላይ መድፋት በበዓል ቀን እንኳ እንደማይፈቀድ ይናገራል፤ ምክንያቱ ልብሱ ያልነበረውን መዓዛ ማብቀል ነው። በዘመናችን ብዙ መምህራን ይህን ክልከላ በጨርቅና በዕቃ ላይ ይወስኑታል፤ መጥፎ ጠረን ለማጥፋት በእጅ ተጭኖ ወደ አየር መርጨትን ይፈቅዳሉ። እንደ እነርሱ ከሆነ የእጅ መርጫው ሲፈቀድ ችግር ያለበት ባለ ሴንሰሩ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። ኤሌክትሪክን የመከልከሉ አሳብ ከሽቶው ሕግ ጋር የዝምድና ሐረግ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የጋሊሲያው ረቢ ይስሐቅ ሽሜልክስ ስለ ስልክ ሲጽፍ፣ በሽቦ ውስጥ ያልነበረ ኃይል ማስነሣት በልብስ ላይ ያልነበረ መዓዛ እንደማብቀል ነው ብሎ ከለከለ። ሐዞን ኢሽ በሚል ስም የሚታወቀው አብርሃም የሻያ ካሬሊጽ (1878–1953) የኤሌክትሪክ መስመር መግጠምን ከመገንባት ቆጠረው። የኢየሩሳሌሙ ረቢ ሽሎሞ ዛልማን አውርባኽ (1910–1995) ሁለቱንም መከራከሪያዎች አልተቀበለም። የጋለ ክር ያለው አምፖል እሳት ነው፤ ብርሃንም ሙቀትም የማይሰጥ መሣሪያ ግን የሚከለከለው በቆየ ልማድ ነው ወደሚለው አዘነበለ። ይህ ለሽቶ መርጫው ትርጉም አለው። ትንሹ ሞተር የጋለ ክር ስለሌለው፣ እንደ ብዙዎቹ አሳብ፣ ክልከላው ከኦሪት ሳይሆን ከሊቃውንቱ የመጣ ነው፤ ከሊቃውንት የመጣ ክልከላ ደግሞ በጥርጣሬ ጊዜ ቀለል ይላል። መርጫው የሚረጨው የትንኝ መድኃኒት ከሆነ ግን ሕይወት ማጥፋት ስለሚጨመርበት ጉዳዩ ከበድ ይላል።

ሐሳብና ውጤት ሲለያዩ ምን ይደረጋል የሚለውን የታልሙድ ሊቃውንት በሁለት ምሳሌዎች ወስነውታል። አንዱ አግዳሚ ወንበር በመሬት ላይ ስለሚጎትት ሰው ነው። ወንበሩ መሬቱን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ስንጥቁ ደግሞ እርሻን ይመስላል። ረቢ ይሁዳ ይህን ሲከለክል፣ ረቢ ሽምዖን ሰውየው ማረስ እስካላሰበ ድረስ ይፈቅዳል፤ ሕጉም በረቢ ሽምዖን ጸና። ሁለተኛው የዶሮ ምሳሌ ነው። ሰው የዶሮ ጭንቅላት ለልጁ መጫወቻ ሊሰጥ ፈልጎ ቢቆርጥና «ዶሮዋ እንድትሞት አላሰብኩም» ቢል አይሰማም፤ ጭንቅላት ተቆርጦ ሞት አይቀርምና። ውጤቱ አይቀሬ ከሆነ፣ አላሰብኩም ማለት ምክንያት አይሆንም፤ በዚህ ረቢ ሽምዖንም ይስማማል።

ለሽቶ መርጫው ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ሰንበት በሚባለው የታልሙድ ክፍል የሚገኘው ከበር ጀርባ ያለው መብራት ነው። አንድ ጥንታዊ ትምህርት፣ ከበሩ ኋላ የዘይት መብራት ቢኖር ሰው በሩን እንደ ወትሮው ይክፈት ይዝጋ፣ መብራቱም ቢጠፋ ይጥፋ ይላል። ታልሙዱ እንደሚተርከው ራቭ የተባለው ሊቅ ይህን የሚያደርገውን ረገመ። ታልሙዱ ምክንያቱን ሲያስረዳም ወደ ዶሮዋ ምሳሌ ይመለሳል፤ በሩ መብራቱን መንካቱ ካልቀረ፣ በር መክፈት ብቻ ነው የፈለግሁት ማለት አያዋጣም። ሰው ባየ ቁጥር የሚረጭ መሣሪያ ያለበት ክፍል ከዚያ መብራት ጋር አንድ ነው፤ የሚገባው ሰው የሚያደርገው የዕለት ተዕለት ነገር ቢሆንም ውጤቱ አስቀድሞ ታስሮበታል።

ሆኖም ምሳሌው ሁሉንም አይሸፍንም፤ ውጤቱን የማይፈልገው ሰው አለ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን በሮም የኖረው መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ናታን ቤን የሒኤል፣ አይቀሬው ውጤት ለሰውየው የማይጠቅም ወይም የማያስደስት ከሆነ ይፈቀዳል አለ። ቶሳፎት የሚባሉት የፈረንሳይና የጀርመን ተንታኞች ግን ከኦሪት ቅጣት ነፃ ቢሆንም ክልክል መሆኑ አይቀርም ብለው መለሱ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኦስትሪያው ረቢ እስራኤል ኢሰርላይን፣ ድርጊቱ የሚከለከለው በሊቃውንት ቃል ብቻ ሲሆን አይቀሬነቱ እንደማያግድ ጻፈ፤ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የፖላንዱ ረቢ አብርሃም ጎምቢነር ተቃወመው። ይህ ክርክር በመጸዳጃ ቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ በሚቀመጠው ባለ ቀለም ሳሙናም ላይ ይነሣል። ውኃ በለቀቁ ቁጥር ሰማያዊ ይሆናል፤ ማቅለም ደግሞ ከ39ኙ አንዱ ነው። ተጠቃሚው ለቀለሙ ግድ የለውም ብለው የሚፈቅዱ አሉ፤ ከሰንበት በፊት ይውጣ የሚሉም አሉ። ሽቶ ግን እንደ ቀለሙ አይደለም። ሰው ጥሩ መዓዛ ይወዳል፤ መሣሪያውንም የሰቀለው ለዚህ ነው። አልፈልገውም የሚለው አባወራ ራሱ የገዛውን ነገር ነው አልፈልግም የሚለው።

ሌላው መውጫ በር በቀጥታ ማድረግንና ምክንያት መሆንን መለየት ነው። ቃጠሎ ሲነሣ ውኃ የተሞሉ ማሰሮዎችን በእሳቱ መንገድ መደርደርን ሊቃውንቱ ፈቅደዋል። እሳቱ ደርሶ ማሰሮዎቹን ሲሰብር ውኃው ያጠፋዋል፤ ያጠፋው ግን ሰውየው በእጁ አይደለም። ይህ ግራማ ይባላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የክራኮቭ ረቢ ሞሼ ኢሰርሌስ ግራማን በጉዳት ጊዜ ብቻ እንዲሆን ወሰነው። በዌስት ባንክ በአሎን ሽቩት የሚገኘው የእስራኤል ጾሜት ተቋም በሆስፒታልና በጥበቃ ሥራ ላይ የሚውሉ መሣሪያዎችን በዚህ መርሕ ይሠራል። በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ ሰው ቁልፍ ሲነካ ወዲያው የሚነሣ ነገር የለም፤ መሣሪያው በየጊዜው ራሱን እየፈተሸ የቁልፉን ለውጥ ሲያገኝ ነው የሚሠራው።

የተለመደው ሽቶ መርጫ ግን ምክንያት ከመሆን ይልቅ ወደ ማድረግ ይጠጋል። ሰው በገባ ቅጽበት ይነሣል፤ የተሠራውም እንዲሁ እንዲሠራ ነው። ታልሙዱ በነፋስ እህል የሚያዘራን ሰው ሲመረምር፣ ገለባውን የሚወስደው ነፋሱ ቢሆንም ሥራው የሰውየው ነው ይላል፤ ማዝራት ማለት በነፋስ መሥራት ነውና። አንድ መሣሪያ የሚሠራበት የተለመደ መንገድ በፊቱ ማለፍ ከሆነ፣ በፊቱ ማለፍ መሣሪያውን ማንቀሳቀስ ነው። ረቢ ሽሙኤል ቮስነር (1913–2015) እዚህ ላይ አንድ ገደብ ያስቀምጣል። በመንገዱ የሚሄድና በሌላ ሰው ሴንሰር ፊት የሚያልፍ፣ ውጤቱን የማይፈልግ ሰው ከመራመድ በቀር ምንም አልጨመረም፤ ስለዚህ አይጠየቅም። ይህ ለአላፊ አግዳሚ ትልቅ እፎይታ ነው፤ መሣሪያውን በቤቱ የሰቀለውን ግን አይሸፍነውም።

በሰዓት የሚረጨው ዓይነት ከዚህ ሁሉ የሚያመልጠው ሥራው ከሰንበት በፊት ስላለቀ ነው። የሻማይና የሂሌል ትምህርት ቤቶች ዓርብ ቀን የተጀመረ ሥራ በሰንበት በራሱ ይቀጥል ወይስ አይቀጥል በሚለው ተከራክረዋል፤ የሂሌል ወገን ፈቀደ፣ ሕጉም በእርሱ ሄደ። ታልሙዱ ከሚጠቅሳቸው የተፈቀዱ ነገሮች አንዱ ዓርብ ከልብስ ሥር ጭስ አኑሮ ሰንበቱን ሙሉ እንዲያጥነው መተው ነው። በየደቂቃው የሚረጨው መሣሪያ የዚያ ዕጣን ልጅ ነው። ሰውየው ቢተኛም፣ ቢወጣም፣ ጨርሶ ባይኖርም ይረጫል፤ ስለዚህ በሰንበት የሚያደርገው ማንኛውም ነገር ከመርጨቱ ጋር አይገናኝም።

ሁሉም የሰንበት ጠባቂዎች በዚህ መንገድ አልሄዱም። የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል ታልሙድን ሳያውቁ ለዘመናት ሰንበትን የጠበቁት በኦሪት፣ በመጽሐፈ ኩፋሌና ትእዛዘ ሰንበት በሚባለው መጽሐፍ ነው። በቤታቸው ሰንበት ከመግባቱ በፊት እሳት ይጠፋል፤ ዓርብ የነደደ እሳት በሰንበት ሲነድ ማደሩን አልተቀበሉም፤ ምግቡም ቀዝቃዛ ነው። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች ወደ እስራኤል ሲገቡ የጠበቃቸው ግን በሂሌል መንገድ የተደራጀ ሰንበት ነው። በዚያ ዓርብ የተጣደ ድስት እስከ ማግሥቱ ይሞቃል፤ መብራትም በሰዓት ቆጣሪ ይበራል፣ ይጠፋል። ከሁለቱ ሥርዓቶች አንዱ የሰውን እጅ ሲያሳርፍ፣ ሌላው ከሰው ጋር ቤቱንም አሳርፏል። የሽቶው መሣሪያ የሚያስነሣው ጥያቄ በመጀመሪያው ሥርዓት ብቻ የሚወለድ ነው፤ እሳቱ በጠፋበት ቤት ራሱን የሚሠራ ዕቃ መቀመጫ የለውም።

ሐሳብና ውጤት ሲለያዩ ወደሚነሣው ችግር የዘመኑ ፈላስፎችም ደርሰዋል። አሜሪካዊው ዶናልድ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ ማብሪያ ስለሚጫን ሰው ጽፏል። ሰውየው ማብሪያውን ይጫናል፤ መብራቱን ያበራል፤ ክፍሉን ብርሃን ይሞላዋል፤ ሳያውቅም በውጭ የሚያደባውን ሌባ ያስነቃል። ለዴቪድሰን እነዚህ አራት ድርጊቶች አይደሉም፤ በአራት መንገድ የሚገለጽ አንድ ድርጊት ነው፤ ሌባውን ማስነቃት ግን ሆን ተብሎ የተደረገ አይደለም። ከእርሱ ብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ ቶማስ አኩዊናስ (1225–1274) ራስን ስለመከላከል ሲጽፍ፣ አንድ ድርጊት ሁለት ውጤት ሊኖረው እንደሚችልና የሚመዘነው በታሰበው እንጂ ከሐሳብ ውጭ በመጣው እንዳልሆነ አስተምሯል። የታልሙዱ የዶሮ ምሳሌ ከእርሱ ጋር በከፊል ይጋጫል። ለታልሙዱ ውጤቱ አይቀሬነቱ ከታወቀ ሐሳብ ከእርሱ ሊሸሽ አይችልም። አንደኛው የልብን ዝንባሌ ይጠይቃል፤ ሌላው ከልብ ዝንባሌ በተጨማሪ እውቀትን ይጠይቃል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ተግባራዊ ፍርድ ሰፊ ስምምነት ያለው ነው። ባለ ሴንሰሩ መሣሪያ ከሰንበት በፊት ባትሪው ይወጣል፣ ይጠፋል ወይም ሴንሰሩ ይሸፈናል፤ በሰዓት የሚረጨው እንዳለ ይተዋል። በሆቴል ወይም በዘመድ ቤት ሳያውቅ የገባ እንግዳ በደል የለበትም። ካወቀ በኋላ ሌላ ክፍል ካለ ወደዚያ ይሄዳል፤ ከሌለ ግን ታልሙዱ ከሊቃውንት ክልከላ በላይ ያደረገው የሰው ክብር አለ፣ ማንም ከመጸዳጃ ቤት አይከለከልም። ቀዳሚው ተጠያቂ በሰንበት በሩን የሚከፍተው ሳይሆን ዓርብ መሣሪያውን ሰቅሎ ክፍት የተወው ነው። አንድን የዕለት ድርጊት ከሌላ ውጤት ጋር የሚያስር ሰው፣ በኋላ ድርጊቱ ሲፈጸም ውጤቱን የመረጠው ማሰሪያውን በገጠመ ጊዜ ነው፤ ማሽኑ በራሱ ሠራ ማለት ከዚያ ምርጫ ነፃ አያወጣውም።