የማይሸጥ መሬት፣ የሚሸጥ አፈር

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ሀብት መሆኑን፣ ስለዚህም ሊሸጥና ሊለወጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ይህ ሕግ በሚሠራበት በዚያው አገር፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት ሠርቶ ግቢውን ሣር ሊያለብስ ወይም ጓሮው ላይ ጎመንና ቆስጣ ሊዘራ ያሰበ ሰው አንድ ቢያጆ ጥቁር አፈር፣ ማለትም ገልባጭ መኪና በአንድ ምልልስ የሚያደርሰውን ጭነት፣ ዋጋ ተነጋግሮ ደጁ ላይ ያስገለብጣል። መሬቱ የማይሸጥ ከሆነ፣ ከላዩ የተገፈፈው አፈር በማን ሥልጣን ይሸጣል? ጥያቄው የሕግ ባለሙያ ብቻ የሚመልሰው ቢመስልም፣ ከሕገ መንግሥቱ እጅግ ቀደም ብሎ በሃይማኖት መጻሕፍትና በፈላስፎች ድርሳናት ውስጥ ሲንከባለል የኖረ ነው።

ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 ምድር ለዘለዓለም እንዳትሸጥ ሲከለክል፣ ምክንያት አድርጎ የሚያቀርበው ባለቤቷ እግዚአብሔር መሆኑንና ሰዎች በእርሷ ላይ እንግዶች መሆናቸውን ነው። ክልከላው ግን ገበያን ጨርሶ አይዘጋም፤ የቸገረው ሰው እርሻውን ሊያስተላልፍ ይችላል፣ ዋጋውም የሚተመነው እስከ ኢዮቤልዩ፣ ማለትም ርስት ሁሉ ወደ ቀድሞ ባለርስቱ እስከሚመለስበት 50ኛው ዓመት ድረስ በሚሰበሰበው ምርት ብዛት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ገዢው የሚወስደው የመከር ዓመታትን እንጂ አፈሩን አይደለም። የገልባጭ መኪናው ንግድ ይህን ሥርዓት ይገለብጠዋል፤ ቦታው ለባለቤቱ ይቀራል፣ ለቦታው ዋጋ የሰጠው ነገር ግን ይሄዳል። ርስት በኢዮቤልዩ ሊመለስ ይችላል፤ በ10 ግቢዎች ተበትኖ የሣር ሥር የያዘውን አፈር ግን የሚመልስ ኢዮቤልዩ የለም።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1689 እ.ኤ.አ. በታተመው ስለ መንግሥት በጻፈው ድርሳን፣ የጋራ የሆነው ሀብት የግል የሚሆነው ሰው ድካሙን ሲቀላቅልበት ነው የሚል መከራከሪያ አቅርቧል፤ ከምሳሌዎቹም አንዱ አገልጋዩ ከጋራ መሬት ላይ ከነአፈሩ የቆረጠው ሣር ነው። (ቆራጩ አገልጋይ ሆኖ ሳለ ባለንብረቱ ጌታው መሆኑ ሎክን ያሳሰበው አይመስልም።) በዚህ መለኪያ ቆፍሮ የጫነ ሰው ሻጭ ለመሆን በቂ መብት ያለው ይመስላል። ነገር ግን በአፈሩ ውስጥ የተቀላቀለው ድካም የማን ነው? ቻርለስ ዳርዊን በ1881 እ.ኤ.አ. ስለ ምድር ትሎች ባሳተመው መጽሐፍ፣ በብዙ የእንግሊዝ አካባቢዎች ትሎች በየዓመቱ በአንድ ኤከር ላይ ከ10 ቶን በላይ አፈር በሰውነታቸው አሳልፈው ወደ ላይ እንደሚያወጡ ገምቷል። የላይኛው አፈር የሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰውና ብስባሽ፣ ሥርና ተሕዋስያን የሚበዙበት ንጣፍ፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትሩ እንኳ ለመፈጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታትን ይፈልጋል። የቆፋሪው የግማሽ ቀን ሥራ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሎክ ራሱ ያስቀመጠው ገደብም አለ፤ የወሰደ ሰው ለሌሎች በቂና የዚያኑ ያህል መልካም የሆነ ነገር መተው አለበት። ላዩ ተገፎ የታችኛው ሸክላ በተገለጠበት ማሳ ላይ ይህ ገደብ ተጠብቋል ለማለት ድፍረት ይጠይቃል።

አፈር ተጭኖ ሲሄድ ምን ይዞ ይሄዳል የሚለው ሌላው ጥያቄ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማን በዮርዳኖስ ታጥቦ ከለምጹ ከነጻ በኋላ፣ ከእስራኤል ምድር ሁለት በቅሎ የሚሸከመው አፈር እንዲሰጠው ነቢዩን ኤልሳዕን ይለምናል፤ ከእንግዲህ ለእግዚአብሔር ብቻ ሊሠዋ ወስኗልና። ለንዕማን አፈሩ ደማስቆ ቢደርስም የወጣበትን ምድር ቅድስና አይለቅም። በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጠናቀረው የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ፣ ሚሽና፣ ተቃራኒውን ጉዞ ይመረምራል፤ ከውጭ አገር በመርከብ ተጭኖ ወደ እስራኤል ምድር የመጣ አፈር የአሥራትና የሰባተኛው ዓመት ዕረፍት ግዴታ እንደሚያድርበት ከደነገገ በኋላ፣ ረቢ ይሁዳ ይህ የሚሆነው መርከቧ መሬቱን ስትነካ ነው የሚል ገደብ ማከሉን ይመዘግባል። በዚህ አስተሳሰብ አፈርን የአንድ ምድር አካል የሚያደርገው የወጣበት ቦታ ሳይሆን አሁን የሚነካው መሬት ነው።

አትክልተኞች በልምድ የደረሱበት ከረቢ ይሁዳ ብዙም አይርቅም። የግንባታ መኪኖች በጠቀጠቁት ግቢ ላይ አዲስ አፈር እንዲሁ ሲደለደል፣ ውኃው ሁለቱ ንጣፎች በሚገናኙበት መሥመር ላይ ይቆማል፣ ሥሩም ከዚያ በታች መውረድ ያቅተዋል፤ በክረምት ሣሩ ቢያምርም በበጋ ይደርቃል። ስለዚህ ነባሩ መሬት አስቀድሞ በዶማ መፈልፈል፣ የመጣው አፈር የመጀመሪያ ክፍል ከእርሱ ጋር መቀላቀል፣ ቀሪው ከዚያ በላይ መነጠፍ አለበት። 100 ካሬ ሜትር ግቢን 10 ሴንቲ ሜትር ለማልበስ 10 ሜትር ኩብ አፈር ያስፈልጋል፤ ይህን ሁሉ ገዝቶ ሳይቀላቅል የተወ ሰው መርከቧን ወደብ አድርሶ መሬት ሳያስነካ እንደ ተወ ይቆጠራል።

ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ግን በዚህ አይዘጋም። በዚያው በመጽሐፈ ነገሥት ንጉሡ አክዓብ የጎረቤቱን የናቡቴን የወይን ቦታ የፈለገው ለቤቱ ቅርብ ስለሆነ የአትክልት ስፍራ ሊያደርገው ነበር፤ የአባቶቹን ርስት አልሰጥም ያለው ናቡቴም በሐሰት ምስክር ተወግሮ ሞተ። ከሕንፃ መሠረት የወጣ አፈር እንዲህ ያለ ዕዳ የለበትም፣ እንዲያውም ገደል ከሚደፋ ግቢ ቢለብስ ይሻላል፤ ችግሩ ጥልቅ ቁፋሮ የሚያወጣው በአብዛኛው ብስባሽ የሌለው የታችኛው አፈር መሆኑ ነው። ጥቁርነቱም ዋስትና አይደለም፤ በሸዋ መረሬ፣ በጎንደር ዋልካ የሚባለው፣ በበጋ የሚሰነጠቅና በክረምት የሚያብጥ ከባድ አፈር የጥቁረቱን ያህል ብስባሽ ላይኖረው ይችላል።

አስቸጋሪው ጉዳይ ከተማው ሲሰፋ ከይዞታው ሊነሣ የተቃረበ ገበሬ ነው። ማሳው ነገ አስፋልት የሚለብስ ከሆነ አፈሩን መሸጥ ማዳን ነው ሊባል ይችላል። ያው አንቀጽ 40 ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ላደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት ይሰጠዋል፤ እርሱና አባቱ ለዘመናት ፍግና አመድ የደፉበት የጓሮ አፈር ደግሞ ከዚህ የተሻለ የመሻሻል ምሳሌ አይገኝለትም። ታዲያ የጓሮው አፈር ሲጫን የገበሬው ድካምና የሕዝቡ መሬት በአንድ መኪና ይወጣሉ፣ የሚከፈለው ገንዘብ ግን አንድ ነው፤ ከእርሱ ስንቱ ለገበሬው እንደሚገባ የሚለይ ድንጋጌ በአንቀጹ ውስጥ አይገኝም።