የተቀነጨበችው ገጽ

ልጄ፣ የላክህልኝን ፎቶ አየሁት። ከአንድ መጽሐፍ የተቀነጨበች ግማሽ ገጽ ናት፤ ከሥሯም መጽሐፉ ከትምህርት ቤቱ ላይብረሪ ይውጣ የሚል ማመልከቻ አለ። ፈርም ብለውሃል። ከመፈረምህ በፊት ስለ ጠየቅኸኝ ተመስገን። ሥጋትህን አላጣጥልም፤ ልጅህ ገና ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያቺ ግማሽ ገጽም እውነቱን ለመናገር እኔንም አስደንግጣኛለች።

ግን አንተ ሳትወለድ በኒውዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ የሆነውን ልንገርህ።

እ.ኤ.አ. በ1975 የአይላንድ ትሪስ ትምህርት ቦርድ አባላት ከአንድ የወላጆች ማኅበር ስብሰባ ዝርዝር ይዘው ተመለሱ። ዝርዝሩ የመጻሕፍት ስም ነበረበት፤ ከየመጽሐፉም ነውር የተባለው ተቀንጭቦ ነበር። ከአባላቱ ሁለቱ አንድ ማታ የሁለተኛ ደረጃውን ላይብረሪ የመጻሕፍት ማውጫ ካርድ ፈተሹ፤ ዘጠኙን አገኙ። ክፉ ሰዎች ነበሩ አልልም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለታቸው ነው።

የትምህርት ቤቶቹ ዋና ኃላፊ ግን እንዲህ ላለው ቅሬታ የወጣ ደንብ እንዳለ ነግሯቸው ነበር። እዚህ ላይ ቆም በል፣ ልጄ። መንገዱ ለሁለት የተከፈለው እዚህ ነው። አልሰሙትም፤ በ1976 መጻሕፍቱን አስነሡ። ኋላ ራሳቸው የሰየሙት የወላጆችና የትምህርት ቤት ሠራተኞች ኮሚቴ አምስቱ ይቆዩ ሲላቸውም፣ ያለ ገደብ የመለሱት አንዱን ብቻ ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ይኸውልህ። ቦርዱ በመግለጫው መጻሕፍቱን ጸረ አሜሪካ፣ ጸረ ክርስትና፣ ጸረ አይሁድ ብሏቸዋል። ከተነሡት አንዱ ግን የበርናርድ ማላመድ «ዘ ፊክሰር» ነው። ደራሲው አይሁዳዊ ነው፤ ታሪኩም ኪየቭ ውስጥ የክርስቲያን ልጅ ገድለሃል ተብሎ በሐሰት ስለ ታሰረ አይሁዳዊ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አይሁድን የሚሰድቡ አሉ። እንዴት አይኖሩ? በዳይ ሳይናገር በደል እንዴት ይተረካል? ስድቡን ብቻ ቀንጭበህ ብታነብ፣ ለተሰዳቢው የተጻፈው መጽሐፍ የሰዳቢው ይመስልሃል።

በ1977 የ17 ዓመቱ ስቲቨን ፒኮ ከአራት ተማሪዎች ጋር ሆኖ ቦርዱን ከሰሰ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1982 ዳኞቹ 5 ለ4 ተከፍለው ክሱ በችሎት ይታይ አሉ፤ ቦርዱም ከመሟገት መጻሕፍቱን መመለስ መረጠ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ለቀማው ስድስት ዓመት ፈጀ፤ ፒኮም ያን ትምህርት ቤት ከለቀቀ ቆይቷል።

እናንተ ሰፈር ሜሪላንድም የሆነውን ታውቃለህ። በ2023 የእኛ ኦርቶዶክሶች ከሙስሊም ወላጆች ጋር በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሰልፍ ወጡ። ልብ በል፣ የጠየቁት ከእምነታቸው ጋር የሚጋጩ መጻሕፍት ሲነበቡ የራሳቸው ልጅ ከክፍል እንዲወጣ እንዲፈቀድላቸው ነው። ነገሩ ወደ ክስ አምርቶ በ2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለከሳሾቹ ወላጆች 6 ለ3 ወሰነ። የራስህን ልጅ እጅ መያዝ ያንተ ነው። ይህ ማመልከቻ ግን የጎረቤትህንም ልጅ እጅ ያዝ ይልሃል፤ ጎረቤትህን ጠይቀሃል?

ስብሰባው ሐሙስ ነው ብለኸኛል። ሦስት ሌሊት አለህ። መጽሐፉን ከዚያው ላይብረሪ ተዋሰውና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምር፤ እኔም እዚህ አስፈልጌ አነበዋለሁ። ረቡዕ ማታ ደውልልኝ።