ሕፃናትና የሕይወት ምልክት

ሕፃናት ሕይወት ያለውን ነገር ሕይወት ከሌለው እንዲለዩ ማስተማር ቀላል ሥራ ይመስላል። በአንደኛ ደረጃ የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ውስጥ የሚገኝ፣ በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ርእስ ነውና ብዙዎቻችን ሳናስብበት እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ በዚህ ትንሽ ትምህርት ውስጥ ታላቅ የሥነ ምግባር ጥያቄ ተሰውሮ ይገኛል።

በወናጎ በአንድ እሑድ ስለ ፍጥረት ስናስተምር፣ ለልጆቹ እንዲቀላቸው ብለን «የሚንቀሳቀስ ሁሉ ሕይወት አለው፤ የማይንቀሳቀስ ግን ሕይወት የለውም» አልናቸው። ከመካከላቸው አንዲት ሕፃን ተነሥታ፣ «አባ፣ እንግዲያው አያቴ ሕይወት የላቸውም ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችን። አያቷ ታመው ከአልጋ ከዋሉ ብዙ ወራት ሆኗቸው ነበር። በዚያች ሰዓት ተገቢ መልስ አላገኘንም። ልጅቱ ግን አልተሳሳተችም፤ የነገርናትን ሕግ በትክክል ሠርታበታለች። የተሳሳትነው እኛ ነን።

ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ዣን ፒያዤ በ1920ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ሕፃናትን እየጠየቀ እንዳስረዳው፣ ትንንሽ ልጆች ሕይወትን ከእንቅስቃሴ ጋር ያያይዛሉ። ፀሐይ፣ ደመናና ወንዝ ስለሚንቀሳቀሱ ሕያዋን ናቸው ይላሉ። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ሕፃናት ፒያዤ ከገመተው የበለጠ እንደሚያውቁ ቢያሳዩም፣ ዕፀዋት ሕይወት እንዳላቸው መረዳት ለብዙ ልጆች እንደሚዘገይ ታውቋል። እንግዲህ እኛ ያስተማርነው ሕግ ሕፃናቱን ከነበሩበት ስሕተት የሚያወጣ ሳይሆን በዚያው የሚያጸናቸው ነበር።

አንዳንዶች «ለሕፃን የሚሰጠው ወተት ነው፤ ሲያድግ እውነቱን ራሱ ይደርስበታል» ይሉ ይሆናል። ማቅለልና ማሳሳት ግን የተለያዩ ናቸው። ወተት ቀላል ምግብ ነው እንጂ ሐሰተኛ ምግብ አይደለም። በወናጎ በኩል ወደ ሞያሌ የሚያልፈው የጭነት መኪና ሕይወት አለው፣ በጓሮ የቆመው እንሰት ግን የለውም ብሎ የሚያድግ ልጅ፣ የዋንዛውን ልጥ ዙሪያውን ሲልጥ ምን ይከለክለዋል? የጌዴኦ አባቶችና እናቶች እንሰትን፣ ቡናንና ትላልቅ ዛፎችን በአንድ ማሳ አስማምተው ያቆዩት መሬት በ2023 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ይህን ቅርስ የሚጠብቀው መዝገቡ ብቻ አይደለም፤ ዛፍ ሕያው መሆኑን የሚያውቅ ልጅ ነው።

ታዲያ እንዴት እናስተምር? ሕያው የሆነ ነገር ይመገባል፣ ያድጋል፣ ዘሩን ይተካል፣ በዙሪያው ለሚሆነው ነገር ምላሽ ይሰጣል። ነገር ግን ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን ብቻ ይዘን ብንፈርድ እንስታለን። እሳት እንጨት እየበላ ያድጋል፤ ሆኖም ሕይወት የለውም። በቅሎ አትወልድም፤ ሆኖም ሕይወት አላት። ስለዚህ ምልክቶቹን በአንድነት፣ ደግሞም በትዕግሥት መመልከት ያስፈልጋል።

ለዚህም የሚሆን መማሪያ በየቤታችን አለ። ከበሰለ እሸት ቡና የወጣ ፍሬና የተቆላ ፍሬ ጎን ለጎን ይተከሉ። ሁለቱም አይንቀሳቀሱም፤ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ግን አንደኛው አፈሩን ገፍቶ ይወጣል፣ ሁለተኛው ይበሰብሳል። ገበሬውም የእንሰቱን አሚቾ ቆርጦ፣ መካከለኛውን ቡቃያ አውጥቶ ሲቀብረው ለሚያይ ሰው የሞተ ይመስላል፤ ከወራት በኋላ ግን ከዚያ ከተቀበረው ብዙ ችግኝ ይወጣል። ይህን ያየ ልጅ ዝምታ ሁሉ ሞት እንዳልሆነ ይማራል።

ፈላስፋው አርስጣጣሊስ፣ ኋላም ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ፣ ዕፀዋት የሚያድጉበት፣ እንስሳት የሚሰማቸው፣ ሰው ደግሞ የሚያስብበት ነፍስ እንዳለ አስተምረዋል። እንደዚህ ከሆነ ሕይወት ደረጃ አለው፤ ነገር ግን ዝቅተኛው ደረጃ እንኳ ሕይወት ነው።

ሕይወት የሌለውንም መናቅ አይገባም። በጌዴኦ በጨልባ ቱቱቲ የቆሙት ትክል ድንጋዮች አይተነፍሱም፤ ሆኖም የጥንት ሰዎች እጅና አሳብ አርፎባቸዋልና በክብር ልንጠብቃቸው ይገባል። ውኃና አፈርም ሕያዋን ሁሉ የሚደገፉባቸው የፈጣሪ ስጦታዎች ናቸው። መለየት የምናስተምረው ልጆች እያንዳንዱን ነገር እንደሚገባው እንዲይዙት ነው እንጂ ሕይወት የሌለውን እንዲያባክኑ አይደለም።

በሚቀጥለው እሑድ ወደዚያች ሕፃን ተመለስን። በጓደኞቿም ፊት «ባለፈው የነገርናችሁ ስሕተት ነበር፤ አያትሽ ሕይወት አላቸው» አልናት። ልጅቱም «እኔም አውቄያለሁ፤ እጃቸውን ስይዛቸው ይሞቃል» አለችን።

ክቡራን ወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ የሰው ክብር በጉልበቱና በእንቅስቃሴው የሚለካ ነው የሚል አሳብ በሕፃን ልብ የሚዘራው በክፉ ሰው ብቻ አይደለም፤ በደግ መምህር ችኮላም ይዘራል። ስለዚህ ልጆቻችንን ስናስተምር ቃላችንን እንመዝን፤ በተሳሳትን ጊዜም በፊታቸው ለማረም አንፈር። ከዚያም እጃቸውን ይዘን ወደ ጓሮው፣ ደግሞም ወደ ሕሙማኑ አልጋ እንውሰዳቸው።